ከምጽዋ እስከ አስመራ፦ ከባሕር ወደ ደጋ የሚወጣ የብስክሌት ጉዞ እንዴት ይታቀዳል?



ዛሬ የማነሳላችሁ አንድ መንገድ ነው። መንገዱ ከቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ከምጽዋ ይነሳና 115 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አስመራ ይገባል። መነሻው ከባሕር ወለል እኩል ነው፤ መድረሻው 2,325 ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በመካከሉ በረሃ አለ፤ ቆላ አለ፤ ወይና ደጋ አለ፤ መጨረሻው ደጋ ነው። ሰው በአንድ ቀን፣ ከንጋት እስከ ቀትር፣ ይህን ሁሉ በገዛ እግሩ ኃይል የሚያቋርጥበት ጎዳና በየትም አገር ተፈልጎ የሚገኝ አይደለም።

መንገዱ የኤርትራ ነው፤ ታሪኩም ክብሩም የዚያ አገር ሕዝብ ነው። ለዛሬው ንግግሬ የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ከባሕር ተነስቶ ተራራ የሚወጣ ጉዞ የሚጠይቀውን ዝግጅት ሁሉ አንድ ላይ አሟልቶ የያዘ ነው። ሁለተኛ፣ በቆላና በደጋ መካከል ላደግን ለእኛ፣ የመንገዱ ጠባይ ብዙ ሳይብራራ ይገባናል። ወደዚያ የመሄድ ዕድል የገጠመው ሰው ዕቅዱን እንዳለ ሊጠቀምበት ይችላል። ያልገጠመው ደግሞ ዘዴውን ወስዶ በአቅራቢያው ባለ አቀበት ላይ ይሥራበት።

ከሁሉ በፊት የንግግሬን ፍሬ ነገር ላስቀምጥ። እንዲህ ያለ ጉዞ ሲከሽፍ የምናየው አቀበቱ ላይ ነው። ጋላቢው እግሩ ተሳስሮ፣ ትንፋሹ አጥሮ፣ ከብስክሌቱ ወርዶ ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ እናያለን፤ ከዚያም ተራራው አሸነፈው እንላለን። ጉዞው የተበላሸው ግን ከሦስትና ከአራት ሰዓት በፊት፣ ባሕሩ አጠገብ ባለው ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ነው። ስለዚህ ዕቅዱ ከመድረሻው ተጀምሮ ወደ መነሻው መሠራት አለበት። የመጨረሻው አቀበት ላይ ስንት ሰዓት መድረስ አለብኝ? ምን ያህል ውሃ፣ ምን ያህል ጉልበት ይዤ? ብሎ ጠይቆ፣ መልሱን ይዞ ወደ ኋላ መቁጠር ነው።

የመንገዱን ማንነት ባጭሩ ላስታውሳችሁ። ጣልያኖች ከምጽዋ ሽቅብ የባቡር ሐዲድ መዘርጋት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1887 ነበር። ሐዲዱ አስመራ የደረሰው በ1911 ነው። ለ118 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ከሃያ ዓመት በላይ መፍጀቱ፣ ያ ገደል ምን ዓይነት ገደል እንደሆነ ይነግረናል። መሐንዲሶቹ ተራራውን በዋሻ እየበሱ፣ ሸለቆውን በድልድይ እየተሻገሩ፣ ሐዲዱን እንደ ተራራው ቅርጽ እያጠማዘዙ ነው ያወጡት። በ1937 ደግሞ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘልቅ፣ ዕቃ በሽቦ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ የሚጓጓዝበት መስመር በዚያው አቅጣጫ ተዘረጋ። በዘመኑ በዓለም ረጅሙ እሱ ነበር። ባቡሩም፣ ገመዱም፣ አስፋልቱም አንዱን ጥያቄ ለመመለስ የተሠሩ ናቸው፤ ከወደቡ ወደ ደጋው እንዴት ይወጣል?

ብስክሌተኞቹም ያንኑ ጥያቄ በራሳቸው መንገድ መልሰውታል። የመጀመሪያው የኤርትራ ዙር የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። በ2015 ዳንኤል ተክለሃይማኖትና መርሃዊ ቅዱስ በቱር ደ ፍራንስ ሲሰለፉ፣ ዳንኤል የአቀበት ንጉሥ የሚለብሰውን ነጠብጣብ ማልያ ለጥቂት ቀናት ለብሷል፤ ይህን ማልያ ከአፍሪካ የለበሰ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። የአስመራው ልጅ ቢንያም ግርማይ በ2024 በዚያው ውድድር ሦስት ቀን አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ይዞ ገባ። ከእኛም ወገን የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የጋለበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም እንደላከች ስንቶቻችን እናስታውሳለን? የብስክሌት ነገር ለዚህ አካባቢ ሕዝብ እንግዳ አይደለም።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። 2,325 ሜትር ከፍታን ለ115 ኪሎ ሜትር ብናካፍለው ሁለት በመቶ ይወጣል። ማለትም በየመቶ ሜትሩ ሁለት ሜትር ከፍታ ነው። ይህን ቁጥር ያየ ሰው «ይህማ ቀላል ነው» ቢል አይፈረድበትም። ግን የአማካይ ቁጥር እዚህ ላይ ያታልላል። መንገዱ እንደ ጠባዩ መከፈል አለበት፤ እኔ አራት ቦታ እከፍለዋለሁ።

አንደኛው ክፍል ከምጽዋ ተነስቶ በረሃማውን ሜዳ የሚያቋርጠው ነው፤ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ራስ አሉላ በጥር 1879 ዓ.ም. የጣልያንን ጦር የደመሰሱበት ዶጋሊ የሚገኘው እዚሁ ላይ ነው። ከፍታው የሚጨምረው በጣም በዝግታ ነው፤ ጥላ የለም፤ ዛፉ እሾህ ነው። ሁለተኛው ክፍል ከሜዳው ጫፍ እስከ ጊንዳዕ ያለው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኮረብታው ይጀምራል፤ መንገዱ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ መልሶ ይወጣል። ጊንዳዕ ወደ 900 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ሦስተኛው ከጊንዳዕ እስከ ነፋሲት ያለው 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ነፋሲት 1,650 ሜትር ግድም ላይ ስለሆነች፣ በዚህ አጭር ርቀት ውስጥ 700 ሜትር ይወጣል። አራተኛውና የመጨረሻው ከነፋሲት በአርባሮባ በኩል ወደ አስመራ የሚወስደው 25 ኪሎ ሜትር ነው። እዚያም ሌላ 700 ሜትር ይጠብቃል።

እንግዲህ ነገሩን ገልብጣችሁ እዩት። ከጊንዳዕ በኋላ ያለው 45 ኪሎ ሜትር፣ ከጠቅላላው ርቀት ግማሽ እንኳን አይሞላም። ከፍታውን ካየን ግን ከ1,400 ሜትር በላይ፣ ከግማሽ የሚበልጠው ገና እዚያ ነው ያለው። በኪሎ ሜትር የሚያስብ ጋላቢ ጊንዳዕ ሲደርስ «ብዙውን ጨርሻለሁ» ይላል። በከፍታ የሚያስበው ግን ዋናው ሥራ ገና እንዳልተነካ ያውቃል። ዕቅዳችሁን በከፍታ ጻፉ የምለው ለዚህ ነው።

የአቀበቱ ቀጥ ማለት ራሱ እንደ አውሮፓ ተራሮች አያስፈራም። የባቡሩ ሐዲድ እንኳን ሊወጣ የሚችለው ከሦስት ተኩል በመቶ ብዙ በማያልፍ አቀበት ነበር፤ የአስፋልቱም አማካይ በላይኞቹ ክፍሎች ከዚያ ብዙም አይርቅም። የሚከብደው ርዝመቱ ነው። አቀበቱ አያልቅም። አንዱን ኩርባ ስትጨርሱ ሌላው ከላያችሁ ይታያል፤ እረፍት የሚሰጥ ረጅም ቁልቁለት አታገኙም። ስለዚህ ይህ መንገድ ጉልበተኛን ሳይሆን ልከኛን ይወዳል።

አሁን የወቅቱን ጉዳይ እንመልከት። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። የደጋው ዝናብ እንደ እኛው በክረምት፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ ነው። የባሕሩ ዳርቻ ዝናብ ግን ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ይወርዳል። በመካከል ያለው ተዳፋት ከሁለቱም ይደርሰዋል፤ ስለዚህም ዙሪያው ሲደርቅ እሱ አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። በታኅሣሥና በጥር ከቀይ ባሕር የሚነሳው እርጥብ አየር ተዳፋቱን እየተገፋ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል። ከነፋሲት በላይ ያለው መንገድ አንዳንድ ቀን ከፊት የሚመጣውን መኪና እስከማያሳይ ድረስ ይሸፈናል።

ወራቱ ሲገፉ ደግሞ ሌላ መከራ ይመጣል። ምጽዋ በዓለም ላይ በሙቀታቸው ከሚታወቁት ከተሞች አንዷ ናት፤ የዓመቱ አማካይ ሙቀቷ 30 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ቀን ቀን 40 ዲግሪን ያልፋል። ስለዚህ ዳርቻው ሳይነድ፣ ጉሙም ቀለል ሲል ያለውን ጠባብ ጊዜ መምረጥ ነው። እኔ የምመክረው ከየካቲት አጋማሽ እስከ መጋቢት መጨረሻ ያለውን ነው። በዚያም ጊዜ ቢሆን የፊትና የኋላ መብራት፣ አንድ ስስ የንፋስ መከላከያ ጃኬት ከዕቃችሁ አይጉደል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በስድስት ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀንሳል። ከባሕሩ በላብ የተነሳ ሰው አስመራ ሲደርስ በ15 ዲግሪ የቀዘቀዘ አየር ይቀበለዋል። እርጥብ ልብስ ለብሶ ጉም ውስጥ መግባት ለሕመም ይዳርጋል።

ወቅቱ ከተመረጠ የሚቀጥለው ሰዓት ነው። ከኋላ ወደ ፊት እንቁጠር። በመካከለኛ አቅም ያለ፣ ዘወትር የሚለማመድ ጋላቢ ከጊንዳዕ አስመራ ለመውጣት ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ነፋሲት ላይ ሃያ ደቂቃ ይረፍ። ከቀትር በኋላ ሰባት ሰዓት ላይ አስመራ እንዲገባ ከፈለግን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ ከጊንዳዕ መነሳት አለበት። ጊንዳዕ ላይ ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ ይመገብ፤ እንግዲያው ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ መድረስ ግድ ነው። ከሜዳው ጫፍ ጊንዳዕ ድረስ አንድ ሰዓት ከሦስት ሩብ ይዘናል። ሜዳው ጫፍ ላይ የሩብ ሰዓት እረፍት አለ። ሜዳውን ለማቋረጥ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያስፈልጋል። ቁጥሩን ስንደምረው ከምጽዋ የመነሻው ሰዓት ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል። አየሩ ገና ለብ ሲል፣ ፀሐይ ሳትወጣ።

ይህ ሰዓት ለትጋት ተብሎ የወጣ አይደለም። ፀሐይዋ ከፍ ሳትል ሜዳውን መጨረስ የዕቅዱ ሁሉ ምሰሶ ነው። አንድ ሰዓት ዘግይቶ የተነሳ ሰው የሚያጣው አንድ ሰዓት ብቻ አይደለም፤ የሜዳውን መጨረሻና የኮረብታውን መጀመሪያ በሚያቃጥል ፀሐይ ያልፋል፤ ጊንዳዕ ሲደርስ ሰውነቱ ውሃውን ጨርሷል።

እዚህ ላይ ስለ ሰውነት ልናገር፤ ምክንያቱም በዚህ አዳራሽ ያለን አብዛኞቻችን ደገኞች ነን። አዲስ አበባ የምትገኘው ከአስመራ በማይተናነስ ከፍታ ላይ ነው። በ2,300 ሜትር የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ከዝቅተኛ ቦታ የመጣ ጋላቢ እዚያ ሲደርስ ከወትሮው አቅሙ አንድ አሥረኛ ያህሉ ሊጎድልበት ይችላል። እኛ ግን በዚህ አየር ተወልደን አድገንበታል፤ ሳንባችንና ደማችን ለምዶታል። ስለዚህ አርባሮባ ላይ የሚያስፈራን ነገር አነስተኛ ነው። ደገኛን የሚፈትነው ዳርቻው ነው። ሰውነታችን ላብን በብዛትና በወቅቱ ማውጣት፣ በሙቀት ውስጥ ደሙን አመጣጥኖ ማዘዋወር አልለመደም። ይህን ለመልመድ ከአንድ ሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ለጉዞው የሚዘጋጅ የአዲስ አበባ ልጅ ልምምዱን እንጦጦ ላይ ብቻ ከወሰነ ለጠላቱ አልተዘጋጀም። ወደ አዋሽ፣ ወደ መተሐራ፣ ወደ ድሬዳዋ ወርዶ በሙቀት ውስጥ መጋለብ አለበት።

የባሕር ዳርቻ ሙቀት ከበረሃ ሙቀት የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ እርጥበቱ። ላብ ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው ሲተን ነው። አየሩ በውሃ ከጠገበ ላቡ ሳይተን ይንጠባጠባል፤ ውሃው ይወጣል፣ ቅዝቃዜው ግን አይመጣም። በዚህ ላይ የንፋሱ ነገር አለ። ፀሐይ ስትወጣ የብሱ ከባሕሩ ቀድሞ ይሞቃል፤ ንፋሱም ከባሕር ወደ የብስ መንፈስ ይጀምራል። ከምጽዋ ወደ ምዕራብ ለሚጋልብ ይህ ከኋላ የሚገፋ ንፋስ ነው። ደስ ይላል። ብስክሌቱ ይፈጥናል። ነገር ግን ንፋሱ በእናንተ ፍጥነት አብሯችሁ ሲሄድ፣ ሰውነታችሁ ላይ የሚያልፍ አየር አይኖርም። ላቡ አይተንም። ፍጥነት መለኪያው ጥሩ ቁጥር ያሳያል፤ ሰውነት ግን ከውስጥ እየጋለ ነው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? ያ ሜዳ ልክ እንደዚያ ነው።

ስለዚህ ለሜዳው የምሰጠው ሕግ አንድ ነው። ከጓደኛችሁ ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር በማትችሉበት ፍጥነት አትጋልቡ። እግራችሁ ትኩስ ነው፣ መንገዱ ለጥ ያለ ነው፣ ንፋሱ ይገፋል፤ ሁሉም ነገር «ፍጠን» ይላችኋል። እዚያ ላይ የምታተርፉት አሥር ደቂቃ ከነፋሲት በላይ አንድ ሰዓት ያስከፍላችኋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እንዲህ ላለው ሰው ነው።

ቀጥሎ ውሃና ስንቅ። በዚህ ሙቀት አንድ ጋላቢ በሰዓት ከሦስት ሩብ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ውሃ ያስፈልገዋል። ብስክሌት ላይ የሚታሰሩት ሁለት ትልልቅ ኮዳዎች አንድ ሊትር ተኩል ይይዛሉ። ስሌቱ ግልጽ ነው፤ ሜዳውን ሲጨርሱ ኮዳዎቹ ባዶ ናቸው። እንግዲያው ሜዳው ጫፍ ላይ፣ ጊንዳዕ ላይና ነፋሲት ላይ መሙላት አለባቸው። ሦስቱ የውሃ ቦታዎች ሦስቱ የዕረፍት ቦታዎች ናቸው፤ ለውሃ ብቻ ተለይቶ የሚቆም ማንም የለም። ሰባ ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ሊትር ተኩል ያህል ውሃ ከሰውነቱ ሳይተካ ከጎደለበት አቅሙ መውረድ ይጀምራል። ባዶ ውሃ ብቻ መጋትም አይበቃም፤ ከላብ ጋር ጨው ይወጣል። በአንድ ሊትር ውሃ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሮ ሎሚ መጭመቅ ይበቃል።

ምግቡን በቁጥር እንየው። ሰባ ኪሎ ሰውና አሥር ኪሎ ብስክሌት ከምጽዋ አስመራ ከፍ ሲሉ፣ ሰውነት ከሚያቃጥለው ጉልበት ወደ ፔዳሉ የሚደርሰው ሩቡ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ለከፍታው ብቻ ከ1,700 ኪሎ ካሎሪ በላይ ይወጣል። የጎማው ሰበቃና የአየሩ ተቃውሞ የሚወስዱት በዚያ ላይ ይጨመራል። ጡንቻና ጉበት ውስጥ የሚከማቸው ስኳር ደግሞ ወደ 2,000 ኪሎ ካሎሪ ይጠጋል። ሳይመገብ የሚጋልብ ሰው የት ላይ እንደሚያልቅበት ከዚህ ማወቅ ይቻላል፤ ከጊንዳዕ በላይ ነው።

ለዚህ የሚሆን ምግብ ከውጭ አገር በላስቲክ ታሽጎ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። በሰዓት 60 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት መውሰድ የተለመደ ምክር ነው። ስድሳ ግራም የበሶ ዱቄት በአንድ የሾርባ ማንኪያ ማር፣ በትንሽ ጨውና በጥቂት ውሃ ብታሹት፣ ያንኑ መጠን የሚሰጥ አንድ ጭብጦ ይወጣችኋል። ማታ ምጽዋ ላይ ሆናችሁ ስድስት ጭብጦ ጨብጡ፤ እያንዳንዱን ለየብቻ በላስቲክ ጠቅልሉ፤ ሦስቱን በቀኝ ኪስ፣ ሦስቱን በግራ ኪስ ክተቱ። አንድ ሰዓት በጋለባችሁ ቁጥር አንድ። ውሃው ሲበዛ ይላላል፤ ሲያንስ ይፈረፈራል። በአንድ እጅ መሪ ይዞ በሌላው መብላት እንዲቻል ጠንከር ይበል። አባቶቻችን ለዘመቻ ሲወጡ ስንቃቸው በሶ የነበረው በከንቱ አይደለም። ነገር ግን ገብስ ለሁሉም ሆድ አይስማማም፤ ጉዞው ሳይደርስ በልምምድ ላይ ሆዳችሁን ፈትኑት። ያልተሞከረ ምግብ በጉዞው ቀን አይበላም።

ስለ ብስክሌቱ የምናገረው አንድ ዋና ነገር አለ፤ ማርሹ። የፊተኛው ትንሹ ጥርስ 34፣ የኋለኛው ትልቁ ጥርስም 34 ከሆነ፣ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማው አንዴ ይዞራል፤ ብስክሌቱም ሁለት ሜትር ከአሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ይሄዳል። በደቂቃ ሰማንያ ጊዜ ብትዘውሩት በሰዓት አሥር ኪሎ ሜትር ትወጣላችሁ። በአሮጌው የውድድር ብስክሌት፣ ፊት 39 ኋላ 25 በሆነው፣ በዚያው ፍጥነት ስትወጡ እግራችሁ የሚዞረው በደቂቃ ሃምሳ ጊዜ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ርግጫ ይከብዳል፤ ጉልበት ይጎዳል። አጭር አቀበት ላይ ይህ ልዩነት አይታወቅም። ሦስት ሰዓት በሚፈጅ አቀበት ላይ ግን ከጉልበት ሕመም ጋር መግባትና በደህና መግባት ልዩነታቸው ይህ ነው። ቀላል ማርሽ የደካማ ነው የሚለውን ወሬ አትስሙ።

ሌላው ዕቃ አጭር ነው፦ ሁለት ትርፍ ከመነዳሪ፣ ጎማ ማውለቂያ፣ መንፊያ፣ የሰንሰለት መፍቻ። በመንገዱ ላይ ጎሚስታ ቢገኝ የሚሠራው የከባድ መኪና ጎማ ነው፤ የብስክሌታችሁን ራሳችሁ ሥሩ። የፍሬን ሸራው ደግሞ አዲስ ይሁን፤ በየመካከሉ ያሉት ቁልቁለቶች አጭር ቢሆኑም ኩርባቸው የሚያዘናጋ አይደለም።

መንገዱ የወደብ መንገድ መሆኑን አትርሱ። የጫኑ ከባድ መኪኖች ይወጡበታል። የጫነ መኪና አቀበት ላይ እንደ ብስክሌት ሁሉ ቀስ ይላል፤ ጭሱ ግን ፊታችሁ ላይ ነው። ከኋላው ተጠግታችሁ አትጋልቡ፤ አሳልፉት። ኩርባ ላይ ወደ ገደሉ ጠርዝ አትጠጉ፤ ሹፌሩ እንዲያያችሁ ከጠርዙ አንድ ሜትር ገባ በሉ። ሜዳው ላይ ግመልና ፍየል፣ ተዳፋቱ ላይ ዝንጀሮ መንገድ ያቋርጣል። ከሁሉም ጋር የሚሠራው ደንብ ያው ነው፦ ፍጥነት መቀነስ፣ መታየት፣ ድምፅ ማሰማት።

መንገዱን አስቀድሞ ማየት የሚባለውን ሥራ ይህ መስመር ያቀልልናል። በአውሮፕላን የሚሄድ እንግዳ የሚያርፈው አስመራ ነው። ወደ ምጽዋ የሚወርደው በዚያው መንገድ ነው። ስለዚህ ቁልቁል በአውቶቡስ ስትሄዱ አትተኙ። መስኮት አጠገብ ተቀምጣችሁ፣ ደብተር ይዛችሁ፣ ውሃ የሚሸጥበትን ሱቅ፣ ጥላ ያለውን ዛፍ፣ አስፋልቱ የተቦረቦረበትን ቦታ፣ ረጅሙን ኩርባ መዝግቡ። ነፋሲት ስትደርሱ ቀና በሉ፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን በአቡነ ፊልጶስ የተመሠረተው የደብረ ቢዘን ገዳም ከላይ ካለው ተራራ ላይ ነው። በማግስቱ ጋልባችሁ ስትመጡ ያን ተራራ ስታዩ፣ የቀራችሁ 25 ኪሎ ሜትር መሆኑን ታውቃላችሁ። ለውጭ አገር ሰው የሚጠየቀውን የጉዞ ፈቃድ ደግሞ ከዚህ ሁሉ በፊት አጣሩ።

የመዘገባችሁትን ሁሉ ይዛችሁ አትጋልቡም። ማታ በአንዲት መዳፍ በማትሞላ ወረቀት ላይ አራት መስመር ጻፉ፦ ሜዳው ጫፍ፣ ጊንዳዕ፣ ነፋሲት፣ አስመራ። ከየስማቸው ጎን ሦስት ነገር ይኑር፦ የመድረሻ ሰዓት፣ የሚሞላው ውሃ፣ እስከዚያ የሚበላው ጭብጦ። ወረቀቷን በግልጽ ፕላስተር ከመሪው ሥር ባለው ብረት ላይ ለጥፏት። ስልክ በሙቀት ይጠፋል፤ በላብ የራሰ ጣትም አይታዘዘውም። ወረቀቷ ግን መንገዱን ሙሉ ከፊታችሁ ናት። የዚያችን ወረቀት አንድ ቅጂ አስመራ ለሚጠብቃችሁ ሰው ስጡት፤ ብትዘገዩ የት እንደሚፈልጋችሁ ያውቃል።

በዕቅድ ውስጥ ብዙ ሰው የሚዘለው ክፍል ማቆም ነው። ከመነሳታችሁ በፊት፣ ጭንቅላታችሁ ቀዝቃዛ እያለ፣ የት ላይ እንደምታቆሙ ወስኑ። የእኔ ምክር ጊንዳዕ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል በኋላ ጊንዳዕ የደረሰ ሰው ብስክሌቱን አውቶቡስ ላይ ይጫን። ከሜዳው ጀምሮ ሽንት ያልመጣው፣ በሙቀት ውስጥ ሆኖ የበረደው፣ የሚያዞረው፣ ንግግሩ የሚደናቀፍበት ሰው ሰዓቱ ቢደርስለትም አይቀጥል። እንዲህ ያለውን ጓደኛ ጥላ ሥር አስቀምጡት፣ ልብሱን አላሉ፣ አንገቱና ብብቱ ላይ ውሃ አፍስሱበት፣ ሐኪም ዘንድ አድርሱት። ከጊንዳዕ በላይ ሲታመም ከማንሳት ጊንዳዕ ላይ ማስቆም ይቀላል። ይህ ውሳኔ አስቀድሞ የተወሰነ ከሆነ ክርክር አያስነሳም፤ እልኸኛው ጓደኛችሁም ቃሉን ያከብራል።

ክቡራትና ክቡራን፤

ወደዚያ መሄድ ዛሬ ለሁላችንም የተመቻቸ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ዘዴው ግን አገር አይመርጥም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ፣ ባሕር ባይኖረውም ጠባዩ የዚህ ታናሽ ወንድም ነው። ወንዙ ከአፋፉ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይፈሳል፤ ታች ቆላ ነው፤ አቀበቱ የሚጀምረው ሙቀቱ ከበረታበት ቦታ ነው። ከአርባ ምንጭ ወደ ዶርዜና ጨንቻ የሚወጣውም እንደዚሁ ከሐይቁ ዳር ወደ ደጋ ነው። የአካባቢውን ጸጥታ አጣርቶ፣ ከኋላ ወደ ፊት ቆጥሮ፣ አራት መስመር ወረቀቱን ጽፎ የሚነሳ ሰው በእነዚህ መንገዶች ላይ ያንኑ ትምህርት ያገኛል። በአውሮፓና በአሜሪካ ያላችሁም በየአካባቢያችሁ ከባሕር የሚነሳ ተራራ አታጡም።

አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በየከተማው ያላችሁ ጋላቢዎች የምታውቁትን መንገድ ጻፉ። ከየት እስከ የት፣ ስንት ኪሎ ሜትር፣ ስንት ሜትር ከፍታ፣ ውሃ የት ይገኛል፣ ከስንት ሰዓት በኋላ አይነሳም፣ የት ላይ ይቆማል፤ ይህን በአማርኛ፣ በአንድ ገጽ። ተሰጥኦ ያላቸው ልጆች በየመንደሩ አሉን። የሚጎድላቸው ታላላቆቻቸው በእግራቸው የተማሩትን በወረቀት የሚያገኙበት መንገድ ነው። በየገጹ አንድ አቀበት ቢጻፍ፣ ቀጣዩ ልጅ ሜዳው ላይ የምናባክነውን ጉልበት ሳያባክን ከእኛ አልፎ ይሄዳል።